ጓይላ በአራት ድምፅ

ሊባኖስ ሃያ ዓመት ሙሉ የሌሎችን ዜማ ሲያቀናብር ኖሯል። አቀናባሪ ምን እንደሚሠራ ብዙ ሰው አያውቅም፤ እሱ ደግሞ ማስረዳት ስለሚወድ ለጠየቀው ሁሉ በልብስ ስፌት ይመስልለት ነበር። ዘፋኙ ጨርቁን ይዞ ይመጣል፤ ጨርቁ ዜማው ነው። አቀናባሪው ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ገበር ያገባበታል። መግቢያው የት ላይ እንደሚሆን፣ ሳክስፎኑ የቱ ጋ እንደሚመልስ፣ ቤዙ ምን ይዞ እንደሚራመድ የሚወስነው እሱ ነው። ልብሱ ሲያምር ግን ሰው የሚያደንቀው የለበሰውን ነው።

“ሰፊውን ማን ያያል?” ይላል ሊባኖስ።

ሚስቱ ኣበበች ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። ይህን ሲል በሰማች ቁጥር ከመኪናዋ ቀና ሳትል ትመልስለታለች፦ “እኔንማ ያዩኛል፤ ሱሪው የጠበበ ዕለት!”

ተወልዶ ያደገው አስመራ ነው። ልጅ ሳለ በካቶሊክ ትምህርት ቤት አኮርዲዮን ተማረ። ጎልመስ ሲል ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄደና በአንድ ቲያትር ቤት ባንድ ውስጥ ኦርጋን ይጫወት ጀመር። ማቀናበር የለመደው እዚያ ነው፤ ኣበበችንም ያገባው እዚያው ነው። ያቀናበራቸው ካሴቶች በየሱቁ ደጃፍ ሲጮሁ እየሰማ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። በካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶ ጉብ ብሏል፤ የእሱ ስም አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ኤርትራ ነጻ በወጣች በዓመቱ ሁለቱም ጠቅልለው አስመራ ገቡ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምራል፤ በሰርግ ወራት ደግሞ ኪቦርዱን በብስክሌት ጭኖ ከዳስ ዳስ ይዞራል። አርባ ዓመት ሞልቶት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሱ ራሱ ያሰበው አንድም ሥራ አልነበረውም። ለማንም አይናገረውም እንጂ ነገሩ ይከነክነው ነበር።

ሬፈረንደሙ በተደረገ በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ የእህቱ የለተብርሃን ልጅ ሰምሃር ከጣልያን ለእረፍት መጣች። ቦሎኛ ያደገች የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ናት። እዚያ ሰባት ሰው ብቻ ባለው ትንሽ ድርጅት ውስጥ የኮምፒዩተር ጨዋታዎችን ትሠራለች። ተጫዋቹ ይህን ቁልፍ ሲነካ ምን ይሁን፣ ያንን ሲነካ ምን ይምጣ፤ ይህን ሁሉ ለኮምፒዩተሩ በራሱ ቋንቋ የምትነግረው እሷ ናት። በዚያ ክረምት ይሠሩት የነበረው ጨዋታ የብስክሌት ውድድር ነበር። ሙዚቃ የሚጽፍላቸው ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና ስለተጠራ ቦታው ባዶ ሆኗል። ሰምሃር የአጎቷን ሙዚቃ የያዘ ካሴት ለአለቃዋ አሰማችው። አለቃዋም “ይሞክር” አለ። እሷም ያገለገለ ኮምፒዩተር በልብስ ጠቅልላ፣ በሻንጣ ይዛ መጣች።

ኮምፒዩተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

“ኣኮይ፣ መጀመሪያ አንድ ከባድ ነገር ልንገርህ” አለችው። ኣኮይ ማለት በትግርኛ አጎቴ ማለት ነው፤ የእናት ወንድም ሲሆን። “ይሄ ሙዚቃ መጨረሻ የለውም።”

“እንዴት ነው መጨረሻ የሌለው?”

“ተጫዋቹ አንድ ዳገት ላይ ሁለት ደቂቃም ሊቆይ ይችላል፣ ግማሽ ሰዓትም። እሱ እስኪወጣ ሙዚቃው እየዞረ መጠበቅ አለበት። መገጣጠሚያውም መሰማት የለበትም። በፊት የነበረው ልጅ ይህን ለመልመድ ስድስት ወር ፈጅቶበታል።”

ሊባኖስ ሳቀ። “ጓለይ፣ ልጄ፣ የሙሽራው ዘመዶች ግንባሬ ላይ ብር ሊለጥፉ ተሰልፈው እያለ ዘፈን አልቆብኝ ያውቃል? ዓዲ ኣበይቶ አንድ ሰርግ ላይ አንዷን ዘፈን ሃምሳ ደቂቃ ተጫውቻለሁ። መገጣጠሚያዋን የሰማ ሰው የለም።”

“አልሰማንም፤ እግራችን ግን ሰምቷል” አለች ኣበበች ከመኪናዋ አጠገብ።

ሁለተኛው ነገር ግን በእርግጥም ከባድ ነበር። ያ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ከአራት ድምፅ በላይ ማውጣት አይችልም። አራት ሰው ብቻ ያለው ባንድ አስቡ፤ እያንዳንዱም አንድ እጅ ብቻ አለው። ቤዝ ካለ፣ ዜማ ካለ፣ አጃቢ ካለ፣ የቀረው አንድ ነው፤ በዚያ በአንዱ ትልቁም ከበሮ፣ ትንሹም ከበሮ፣ ጭብጨባውም መግባት አለበት። ሙዚቃው የሚጻፍበት መንገድም የተለየ ነው። አምስት መስመርና ጥቁር ነጠብጣብ የለም። በቴሌቪዥኑ ላይ አራት ዓምዶች ይታያሉ፤ ቁጥሮችና ፊደሎች እንደ ተማሪ ስም ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። አንዱ መስመር አንድ ቅጽበት ነው። ዝርዝሩ ወደ ላይ ሲሽከረከር፣ መሃሉ ላይ የደረሰው መስመር ይሰማል።

ሊባኖስ ሦስት ቀን ተበሳጨ፤ በአራተኛው ቀን ነገሩ ገባው። ጆሮ ደግ ነው፤ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ቤዙ ዝም ባለበት በዚያች ቅጽበት ከበሮ ቢመታ፣ ሰው ቤዙ እንደተቋረጠ አያውቅም፤ ከበሮው ሥር ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ ቤዝና ከበሮ በአንድ ዓምድ ውስጥ እየተቀባበሉ መኖር ይችላሉ። ይህን ባገኘ ጊዜ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና ኣበበችን ከነክሯ ጎትቶ አመጣት።

“ስሚ! ስንት ሰው ይሰማሻል?”

“ስድስት።”

“አራት ናቸው!”

“ታዲያ ሁለቱን ማን ምሳ አበላቸው?” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ግን ፈገግ እያለች ነበር።

ድምፆቹን ራሱ መቅዳት ነበረበት። ኮምፒዩተሩ የሚያስታውሰው ጥቂት ስለሆነ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ቁራጭ ብቻ ይወስዳል፤ ከዚያ ያንኑ ቁራጭ በፍጥነት ሲያጫውቱት ቀጭን፣ ቀስ ሲያደርጉት ወፍራም ይሆናል። ሊባኖስ የካሴት መቅጃውን ይዞ መደበር ገባ፤ አሮጌ በርሜል ምድጃና ባልዲ ወደሚሆንበት ገበያ። አንዱን ቀጥቃጭ ጠጋ ብሎ፣ ያቺን መዶሻ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመታለት ለመነው።

“ምን ልታደርጋት ነው?” አለ ሰውየው።

“ሙዚቃ።”

“ይቺን?” ቀጥቃጩ በርሜሉን አየ፣ መዶሻውን አየ። “ሠላሳ ዓመት ስንደበድብ ሙዚቃ ነው ያለን ሰው የለም። ጎረቤቶቻችን ሌላ ስም ነው የሚሰጡት።”

ለከበሮው ደግሞ ዓዲ ኣበይቶ ወደምትኖረው ወደ ንግስቲ ሄደ። ንግስቲ ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ በአካባቢው ሰርግ ሁሉ ከበሮ የምትመታ ሴት ናት፤ ሊባኖስ ከእሷ ጋር ብዙ ዳስ ውስጥ አብሮ ሠርቷል። አንድ ምት ብቻ እንደሚፈልግ ሲነግራት ከት ብላ ሳቀች።

“አንድ? አንድማ ከበሮ አይደለም፤ በር ማንኳኳት ነው” አለችው። ቢሆንም መታችለት።

ሰምሃር ወደ ቦሎኛ ከተመለሰች በኋላ ሁለት ወር ተኩል፣ ትምህርት ከተከፈተም ከዚያ እየመጣ፣ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አሳለፈ። መብራት ሲጠፋ በወረቀት ላይ ዓምዶቹን ይሠራል፤ ሲመጣ ይገለብጣቸዋል። ለሜዳው፣ ለዳገቱ፣ ለቁልቁለቱ፣ የአስመራ ሰዎች ጣልያን ትቶት በሄደው ቃል ቮላታ ለሚሉት ለመጨረሻው ሽቅድድም፣ ከዚያም ለአሸናፊው ሰገነት ሙዚቃ ጻፈ። ሁሉንም የቋጠራቸው በአንድ ነገር ነበር፤ በጓይላ ምት።

ጓይላን ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ መዘርዘር ያስፈልጋል፤ ታሪኩ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነውና። ጨፋሪዎቹ ክብ ሠርተው፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይዞራሉ። ከበሮው ረጋ ብሎ ያስኬዳቸዋል። ይህ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከዚያ ከበሮ መቺዋ ምቱን ትደርበዋለች፤ በአንዱ ምት ቦታ ሁለት ይገባል። ይህ ሲሰማ ጉዞው ያበቃል። ሰዎቹ ይቆማሉ፣ ፊት ለፊት ይዞራሉ፣ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ትከሻቸውን ያርገፈግፋሉ። አስመራ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ከበሮው ሲደረብ እግሩ በራሱ ይቆማል።

ሊባኖስም የሠራው ይህንኑ ነው። መንገዱን ሁሉ፣ ቮላታውንም ጭምር፣ በሚያስኬደው ምት ጻፈ፤ ብስክሌተኛው እየሄደ ነዋ። መስመሩን አልፎ ሲቆም፣ አሸናፊ ሆኖ ሰገነት ላይ ሲወጣ፣ ያኔ ከበሮውን ደረበው። ሙሉ ሥራውን ጥቅምት ላይ በአንዲት ፍሎፒ ዲስክ ቀድቶ፣ ወደ ሮማ በሚሄድ ሰው እጅ ላከው። ከዚያ ወዲያ ሌሊት እንቅልፉ ልክ ነበር፤ ቀን ግን ፖስተኛ ባየ ቁጥር ልቡ ይዘል ነበር።

መልሱ በፖስታ አልመጣም። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከቤታቸው ሥር ያለው መድኃኒት ቤት ስልክ ጮኸና ባለመድኃኒቱ ከደጁ ተጣራ። ሊባኖስ በነጠላ ጫማ ወረደ።

“ኣኮይ፣ ሙዚቃው ተወዷል” አለች ሰምሃር። ድምፅዋ ግን እንደሚያበስር ሰው አልነበረም። “ሰዎቹ ናቸው የሚሸነፉት።”

“የትኞቹ ሰዎች?”

“ጨዋታውን የሚሞክሩት። አምስት ሰው አስቀምጠን አጫወትን። ቮላታው ሲደርስ ማንም ቁልፉን አጥብቆ አይመታም። ተዝናንተው ይነዳሉ፤ ሌሎቹ ያልፏቸዋል። ካለቀ በኋላ ከበሮው ሲደረብ ግን እንደ እብድ መምታት ይጀምራሉ። አንዱ የማጫወቻውን እጀታ ሰብሮታል።”

“ካሸነፈ በኋላ?”

“ካሸነፈ በኋላ! ሰገነት ላይ ቆሞ።”

ሊባኖስ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ቆመ። ገብቶታል።

“አለቃዬ ‘አጎትሽ ሙዚቃውን ገልብጦ ነው ያስቀመጠው’ አለኝ” ስትል ቀጠለች። “የሚያሳፍረኝ እሱ አይደለም። ሦስት ሳምንት ስሰማው፣ ከጨዋታው ጋር ስገጥመው፣ እኔም ምንም አልታየኝም። ልክ ነው ብዬ ነበር።”

“በየኤርትራውያኑ በዓል፣ በየፌስታው ጓይላ እየጨፈርሽ ስላደግሽ ነዋ።”

“ምናልባት። ግን ስማኝ ኣኮይ፣ በአሥራ ስድስት ቀን ውስጥ ዲስኩ ወደ ማባዣ ይሄዳል። እስከዚያ ካልተስተካከለ፣ ከሚላኖ ዝግጁ ሙዚቃ ገዝተው ያስገባሉ። ያንተ በሙሉ ይወጣል። ስምህም።”

ሊባኖስ ወደ ቤት ወጥቶ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። በሥራ ደረጃ ነገሩ ቀላል ነበር፤ የተደረበውን ምት አንሥቶ ቮላታው ላይ መለጠፍ፣ የሚያስኬደውን ምት ወደ ሰገነቱ ማዛወር፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ። አደረገው። አዳመጠው። ጆሮው እምቢ አለ። ከበሮው በተደረበ ቁጥር በዓይነ ሕሊናው ያለው ብስክሌተኛ ቀጥ ብሎ ይቆምበታል። አጠፋውና ጓይላውን ትቶ እንደ ዲስኮ የሚሮጥ ሌላ ሙዚቃ ሞከረ። ያኛው መጥፎ አልነበረም፤ ግን ከሚላኖ ሊገዙ ያሰቡት ዓይነት ነበር፤ እሱን ለመሥራት ሊባኖስ አያስፈልግም። ሃያ ዓመት ሙሉ “እዚህ ጋ እንዲህ አድርገው” ሲሉት አድርጓል፤ ዜማው የእነሱ ስለነበረ አልከበደውም። ይኸኛው የራሱ ነው። እሱ ራሱ የማያምነውን ድምፅ ከጻፈበት የራሱ ሆኖ አይቀጥልም። እምቢ ካለ ደግሞ ጭራሽ አይኖርም። ሦስት ቀን በዚህ መካከል ቆመ።

በሦስተኛው ቀን ኣበበች መቀሷን አስቀመጠችና አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

“አንተ ሰው፣ ገልብጠው አሉህ። ገልብጠውና እንገላገል።”

“ይቆማል እኮ አበቡ! ከበሮው ሲደረብ ሰውየው ይቆማል።”

“ለአንተ ነው የሚቆመው። እዚህ በመጣን በወሩ፣ የአክስትህ ልጅ ሰርግ ላይ ምን እንዳደረግሁ ረሳኸው?”

አልረሳውም። ኣበበች የሸዋ ልጅ ናት፤ ጓይላ ክብ ውስጥ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ከበሮው ሲደረብ ሁሉም ሰው ቆመ፤ እሷ ግን ፈጠነች። ፊት ለፊቷ ያሉትን የአክስቱን ጀርባ ገጭታ ከነጠላቸው አፈር ላይ አስቀመጠቻቸው።

“አየህ” አለች፣ “ጣልያኖቹም እንደ እኔ ናቸው። ጆሯቸው ሩጡ ነው የሚላቸው። አክስትህን እየገጩ ነው።”

ሊባኖስ እስከ እንባው ሳቀ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ከባድ ጥያቄ ትቶለት ሄደ። ሁለት ጆሮ አንድን ምት ሰምቶ አንዱ “ቁም”፣ ሌላው “ሩጥ” ካለ፣ ምቱ ራሱ የሚለው ምንድን ነው? ይህን ከመጽሐፍ የሚያገኘው አልነበረም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ብስክሌቱን ወደ ዓዲ ኣበይቶ አቀና።

ንግስቲ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሻሂ አቀረበችለት። እሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ጨዋታውን፣ ቮላታውን፣ የተሰበረውን እጀታ ሳይቀር ተረከላት። ቪዲዮ ጨዋታ አይታ አታውቅም፤ ብስክሌት ውድድር ግን ታውቃለች፤ ሁለት ወንድሞቿ ይወዳደሩ ነበር።

“ስለዚህ ኣደይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለ በመጨረሻ። “ከበሮውን ስትደርቢ ሰዎቹ ለምን ይቆማሉ?”

“ማን ቆመ አለህ?”

“ይቆማሉ እንጂ! ክቡ ይቆማል።”

“እግር ነዋ የቆመው” አለች፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ። “አንተ ሁልጊዜ ኪቦርድህን አጎንብሰህ ስለምታይ ነው። እኔ ሰዎቹን ነው የማየው። ሲዞሩ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ዘመድ ሰላም ይላሉ። እየሄዱ ያርፋሉ። ስደርበው ወሬ ያበቃል። ላብ የሚመጣው ያኔ ነው። እኔ ቁሙ አላልኳቸውም፤ ያላችሁን አውጡ ነው ያልኳቸው።”

“ያላችሁን አውጡ” ሲል ደገመ ሊባኖስ።

“እወ። ደግሞም እዚያ ላይ አልተዋቸውም። ሰው እንዴት እዚያ ላይ ይተዋል? ሲደክሙ አይና ወደ ዙሩ እመልሳቸዋለሁ። አንተ ግን እንደነገርከኝ፣ ሰውየውን እያንቀጠቀጥክ ሰገነት ላይ ጥለኸው ሄድክ። ወባ የያዘው አስመሰልከው።”

“መቼ እንደምትደርቢ በምን ታውቂያለሽ?”

“እነሱ ይነግሩኛል። እግራቸውን አያለሁ። ግን ዝም ብዬ መሃል ላይ አልገባም፤ ምቱ ዙሩን እስኪጨርስ እጠብቃለሁ።”

ሊባኖስ ኪሱ ውስጥ ወረቀት ፈልጎ አጣና መዳፉ ላይ ጻፈ።

ወደ ከተማ ሲመለስ መንገዱ ላይ አንድ ዳገት አለ። እስከ ዛሬ ሺህ ጊዜ ወጥቶታል። ያን ዕለት ጫፉ አጠገብ ሲደርስ እንደ ልማዱ ከኮርቻው ተነሥቶ ቆሞ ረገጠ፤ ያኔ ትከሻው ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እንደሚል አስተዋለ። ወርዶ ቆመ። እንደገና ወደ ታች ወረደና እየቆጠረ ወጣው። በአንድ እግር ርግጫ ትከሻው አንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ በሚረግጥበት ጊዜ በአንድ ምት የምትገባው እግር፣ ቆሞ ሲረግጥ ሁለቴ ትገባለች። ሦስተኛ ጊዜም ወጣው። ሁለት አህያ የሚነዳ ገበሬ ቆሞ እያየው፣ “ወዲ ከተማ፣ አንተ የከተማ ልጅ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?” አለው።

“አገኘሁት፣ የቐንየለይ!” ብሎ በጩኸት አመስግኖት አለፈ።

እሑድ ዕለት ደግሞ ለማረጋገጥ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የከተማው ዋና ጎዳና ወደሆነው ወደ ኮምቢሽታቶ ወጣ። ውድድር ነበር። ሰዉ በሁለቱም ወገን ከዘንባባዎቹ ሥር ተደርድሯል። ሊባኖስ መጨረሻው መስመር አጠገብ ቦታ ያዘ፣ መንኮራኩሮቹን ግን አላየም። ያየው ትከሻዎቹን ነበር። ብስክሌተኞቹ በየዙሩ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው፣ እየተነጋገሩም፣ ውኃ እየተቀባበሉም ነበር፤ ልክ ንግስቲ እንዳለችው፣ እየሄዱ ያርፋሉ። በመጨረሻው ዙር ሃያ የሚሆኑት በአንድ ጊዜ ከኮርቻቸው ተነሡ። ትከሻዎቹ ሁሉ መርገፍገፍ ጀመሩ። ከሰዉ መሃል አንዲት ሴት እልል ስትል ሊባኖስ ዓይኑን ጨፈነና የከበሮውን መደረብ ሰማው። የቆመ ሰው አልነበረም። መስመሩን ካለፉ በኋላም አልቆሙም፤ አሸናፊው እጁን እያውለበለበ፣ ቀስ እያለ፣ ሌላ ዙር ዞረ።

ቤት ገብቶ የጻፈው አዲስ ሙዚቃ ነው ማለት ይቻላል። ከበሮውን አዛውሮ ብቻ አልለጠፈውም። ኣበበች ልብስ ገልብጣ ስትሰፋ ስፌቱን ፈትታ ከዚያኛው ወገን እንደ አዲስ እንደምትሠራው፣ እሱም ዜማውን፣ ቤዙን፣ የመደበሩን መዶሻ፣ ሁሉንም ፈታቸው። በሜዳው ላይ ከበሮው እንዲያወራ፣ እንዲዝናና ተወው። በቮላታው ላይ ዜማውን አስወጣና አራቱንም ዓምድ ለምት ሰጠ፤ ያለውን ሁሉ አወጣ። ለሰገነቱ ደግሞ ሰገነት የሚል ሙዚቃ ጭራሽ አልጻፈም፤ ወደ ዙሩ መለሰው።

የቀረው መቼ የሚለው ነበር። ቮላታ የሚጀምርበትን ሰዓት የሚያውቀው ተጫዋቹ ብቻ ነው፤ አንዱ ቀደም ብሎ ይነሣል፣ ሌላው ይጠብቃል። ስለዚህ ሊባኖስ በየስምንቱ ምት መጨረሻ ላይ አንድ ምልክት አኖረ፤ በር ብሎ ሰየመው። ለሰምሃርም አብሮ ደብዳቤ ጻፈላት፦ “ሙዚቃው ብስክሌተኛውን ልጅ ማየት አለበት። ልጁ ከኮርቻው ሲነሣ ወዲያው አትዝለዪ፤ የሚቀጥለው በር እስኪደርስ ጠብቂ፣ ከዚያ ወደ ድርቡ ግቢ። ሲቀመጥም እንደዚሁ በበር መልሺው።” ሰባት ገጽ ነበር። ምሳሌዎች ነበሩበት፣ ሥዕልም ነበረበት። ረቡዕ ዕለት ዲስኩንና ደብዳቤውን ወደ ሮማ የሚሄድ የትምህርት ቤቱ መምህር ያዘለት።

ስድስት ቀን ጠበቀ። በሰባተኛው ቀን፣ የመድኃኒት ቤቱ ስልክ ስላልጮኸ ራሱ ወደ ቴሌኮሙኒኬሽን ሄደ። ቁጥሩን አስመዘገበና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። መዝጋቢው በርሄ የሚባል፣ ድምፁ ከስልኩ ይልቅ ሩቅ የሚደርስ ሰው ነው።

“ቦሎኛ! ሁለተኛ ካቢና! ሦስት ደቂቃ!”

ሊባኖስ ገብቶ በሩን ዘጋ። “ሰምሃር?”

“ኣኮይ! አሁን ልደውልልህ ነበር። አንዴ ጠብቅ፣ ምንም አትጠይቀኝ። ስልኩን ድምፅ ማውጫው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። የሚጫወተው ያ እጀታ የሰበረው ነው።”

መጀመሪያ ሽው የሚል ነገር ብቻ ተሰማው። ከዚያ፣ በባሕርና በበረሃ ላይ ተሻግሮ ቅጥነቱ እንደ ክር የሆነ፣ የራሱ ቤዝ መጣ። መዶሻዋ መጣች። ዙሩ ይዞራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ሊባኖስ በጣቱ የካቢናውን ግድግዳ እየመታ በሮቹን ቆጠረ። በአራተኛው በር ላይ ከበሮው ተደረበ። ንጹሕ ነበር፤ መገጣጠሚያው አልተሰማም። ነገር ግን ከከበሮው ሥር አንድ ጊዜ ጭርር ያለ ሌላ ድምፅ ነበር፤ እሱ የማያውቀው። ዲስኩ ላይ ያሉትን አሥራ አንድ ቁራጭ ድምፆች ከተማሪዎቹ ስም በላይ ያውቃቸዋል፤ ያ ከእነሱ አይደለም።

“ሰምሃር! የሆነ ነገር ተሰንጥቋል! ያ ምንድን ነው? እኔ ያላስገባሁት ነገር ይሰማኛል!”

“ወንበሩ ነው” አለች ሰምሃር፣ ሳቅ እያፈናት። “ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። ተነሥቷል ኣኮይ። ቆሞ ነው የሚጫወተው።”

“ትከሻውስ?” አለ ሊባኖስ።

“ትከሻውማ… ይነቃነቃል። እንደ ጣልያን ነው እንጂ ይነቃነቃል።”

“አለቃሽስ?”

“ከኋላው ቆሞ ተራውን እየጠበቀ ነው። ‘ይሂድ’ ብሏል። ሐሙስ ወደ ማባዣው ይሄዳል፣ በአንተ ስም። ሰባቱ ገጽህን ደግሞ ለሌሎቹ እንድተረጉምላቸው አዞኛል፤ አስተማሪያችን ዓዲ ኣበይቶ ያለች፣ የጨፋሪ እግር እያየች ከበሮ የምትመታ ሴት ናት እያልኩ ልተርጉም ነው።”

“አሸነፈ? ልጁ?”

“ቆይ… አላሸነፈም። ሁለተኛ ወጣ። ኦ፣ እየተሳደበ ነው። እንደገና እየጀመረ ነው።”

የካቢናው በር ተንኳኳ። በርሄ በመስታወቱ ሦስት ጣቱን አሳየው፤ ደቂቃው አልቋል። ሊባኖስ የስልኩን መነጋገሪያ በአንድ እጁ ጆሮው ላይ እንደያዘ በሩን በእግሩ ከፈተው።

“ሌላ ሦስት ጨምርልኝ” አለ።

“ወሬው አላለቀም?”

“ወሬው አልቋል” አለና በሩን መልሶ ዘጋው። “ሰምሃር፣ ስልኩን እዚያው ተዪው።”